የሐይቅ ዳር ከተማ ዕድሜው ስንት ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የትውልድ ከተማቸውን የአሰፋፈር ታሪክ ለመጻፍ የተነሡ አንባብያን ከጣና፣ ከወሎው ሐይቅ፣ ከዝዋይና ከሐረማያ አካባቢ የላኩልንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። እ.ኤ.አ. ካላልን በስተቀር ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሐይቁ ከቤታችን ደጃፍ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ሽማግሌዎቹ ግን «አባቶቻችን የሰፈሩት እላይ ጉብታው ላይ ነው» ይላሉ። ውኃ አጠገብ እያለ ማን ዳገት ይወጣል? (መምህር፣ ከደንቢያ)

ወባ የፈራ ይወጣል። ሙላት የፈራም እንዲሁ። የጣና የውኃ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ግድም ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 አገሪቱን የመታው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ያዳረሰው ደግሞ በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታምሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወባ ማጥፋት ሥራ በመንግሥት ደረጃ ተደራጅቶ ቤት ለቤት መርጨት እስኪጀመር ድረስ ሐይቅ ዳር ማደር በሕይወት መጫወት ነበር።

ሙላቱን ደግሞ በሒሳብ ይዩት። ደንቢያና ፎገራ ሜዳ ናቸው። መሬቱ በ1,000 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ሐይቁ 1 ሜትር ሲሞላ ውኃው 1 ኪሎ ሜትር ወደ ሜዳው ይገባል ማለት ነው። ጣና ከግንቦትና ሰኔ ዝቅታው ተነሥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ እስኪሞላ ድረስ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዳርቻው የበጋ ግጦሽና የባሕር ሸሽ እርሻ ነበር እንጂ የቤት ቦታ አልነበረም። ባሕር ሸሽ ያልነው ውኃው ሲመለስ ጥሎት የሚሄደውን ርጥብ መሬት ነው፤ እርስዎ ለደንቢያ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱ። ዳርቻው ላይ ሰው አልነበረም ብለው አይጻፉ። ጉማሬ የሚያድኑት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ውኃው ዳር ይኖሩ ነበር። ርስት ስላልነበራቸው ግን በርስት ክርክርም ሆነ በግብር መዝገብ ስማቸው አይገኝም። ወረቀቱ የተጻፈው ጉብታው ላይ ላሉት ነው። የእርስዎ ከተማ ታሪክ በወረቀት ብቻ ከተጻፈ ከውኃው ጋር ቀድመው የተዋወቁት ሰዎች ሳይጠቀሱ ይቀራሉ። ከእነሱ ወገን ያሉ አዛውንትንም ይጠይቁ። ስያሜው አንዳንድ ሰፈር ውስጥ እንደ ስድብ ስለሚወረወር ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ አስቀድመው ይወቁ።

ጉብታውን ለማረጋገጥ አዛውንቱን ቤት ውስጥ ቁጭ አድርገው አይጠይቁ፤ ይዘዋቸው ይውጡ። በእርሻ ወቅት፣ መሬቱ አንዴ ከታረሰ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሚፈለገው ገል፣ የተሰበረ ወፍጮና መጅ፣ ከአካባቢው አፈር የተለየ ግራጫ የአመድ ንብርብር፣ በክብ የተደረደረ የመሠረት ድንጋይ ነው። ያገኙትን ባለበት ፎቶ ያንሡ፣ ቦታውን በስልክዎ ጂፒኤስ ይመዝግቡ፣ መልሰው ይተዉት። መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ንብርብሩ አንዴ ከተናጋ በኋላ የመጣ ባለሙያ ዕድሜውን ሊነግርዎት አይችልም።

የእስጢፋኖስ ገዳም ከተመሠረተ ከ770 ዓመት በላይ ስለሆነው የከተማችንን ዕድሜ ያንኑ አድርገን በበዓል ሰሌዳ ላይ ልንጽፍ ነው። ትክክል ነው? (የኮሚቴ አባል፣ ከሐይቅ ከተማ)

አይደለም። ሰሌዳው ሳይቀለም ጠየቃችሁ፤ ጥሩ አደረጋችሁ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ያቋቋሙት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1248 የሚለው ዓመት የተለመደ ነው። የገዳሙ ትውፊት ደግሞ በቦታው የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ከዚያም አርቆ እስከ ንጉሥ ድልናዖድ ያደርሰዋል። ግን ይህ ሁሉ ዕድሜ የገዳሙ ነው። ገዳሙ ያኔ ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ በእግር የሚገባበት ሐይቁ ሸሽቶ ደሴቱን ከየብስ ስላገናኘው ነው። የድሮ ጸሐፊዎች «ደሴት» ሲሉ አልተሳሳቱም፤ እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ የግራኝ አሕመድ ጦር ገዳሙ የደረሰው ውኃ ተሻግሮ ነው። ከተማችሁ ግን ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። ያ ጎዳና ለመኪና የተበጀው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አሥመራ በተዘረጋው መስመር ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓመት ይጻፉ፤ አንዱ የገዳሙ፣ ሌላው የከተማው። የሁለተኛውን ዓመት ለማግኘት ጎዳናው፣ ገበያውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት መቼ አንድ ቦታ ላይ እንደተገናኙ ጠይቁ።

ለገጠሩ አሰፋፈር ግን ገዳሙ ወደር የሌለው ምንጭ ነው። በየገዳሙ የመሬት ስጦታና ወሰን የሚጻፈው በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው፤ «ወንጌለ ወርቅ» የሚባለውም እንዲህ ያለው ወንጌል ነው። የሐይቁ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280/81 ሲሆን እንዲህ ዓይነት ማስታወሻዎችን ይዟል። እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ለዩ፦ የንጉሡ ስም፣ የሰጪና የተቀባይ ስም፣ የወሰን ምልክት። ማስታወሻው «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» በሚል ግዝት ካለቀ የመሬት ወይም የንብረት ጉዳይ መሆኑን ጠርጥሩ። አንዱ ወጥመድ ይህ ነው፤ ወንጌሉ ጥንታዊ ስለሆነ ኅዳጉ ላይ ያለው ጽሑፍም ያን ያህል ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት ብራና ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት ብዕር ሊጻፍ ይችላል። የፊደሉን ቅርጽ የሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

ዜና መዋዕሉ አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ «ከተማ» እንዳደረጉ ይናገራል። እንግዲህ የዛሬዋ ጎርጎራ የ400 ዓመት ከተማ ናት ማለት እንችላለን? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

በዜና መዋዕል ውስጥ «ከተማ» ማለት የንጉሥ ሰፈር ነው። ድንኳን፣ አጥር፣ ወታደር፣ ገበያ ያለው ግን ነገ ተነሥቶ ሊሄድ የሚችል ሰፈር። «ከተመ» ሲባል «ሰፈረ» ማለት ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ሲነግሡ ከቆጋ ወደ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራ ወደ ደንቀዝ ተዘዋውረዋል። ሰፈሩ ሲነሣ ሕዝቡም አብዛኛው አብሮ ይነሣል። ስለዚህ «ከተማ» የሚል ቃል ስላገኙ ብቻ ከዚያ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ ከተማ አለ ብለው አይደምድሙ።

ጎርጎራ ላይ ስሙም ከአንድ በላይ ቦታ ይይዛል። ማርያም ግምብ የሚባለው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) እና የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ ዛሬ ወደቡ ካለበት ከተማ ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ጎርጎራ ሞተ ሲባል የትኛው ጎርጎራ እንደሆነ ምንጩ ካልገለጸ እርስዎም አይግለጹ። ከሱስንዮስ በኋላ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አባርረው መናገሻቸውን እ.ኤ.አ. በ1636 ግድም ጎንደር ላይ አደረጉ፤ ቤተ መንግሥቱ ውኃውን ትቶ ደጋ ወጣ። የዛሬዋ የወደብ ከተማ ሌላ ታሪክ አላት፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ወደብ፣ ከጎንደር የሚመጣው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ጀልባ።

የደብረ ሲና ማርያምን ዕድሜ ሲጽፉም ይጠንቀቁ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ ሦስት ዕድሜ አለው፤ ታቦቱ የገባበት፣ ዛሬ ያለው ሕንፃ የተሠራበት፣ ሥዕሉ የተሣለበት። የደብረ ሲና ትውፊት ምሥረታውን ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል፣ ሥዕሎቹ ግን የ17ኛው ናቸው። ካህኑን «ቤተ ክርስቲያኑ መቼ ተሠራ?» ብለው ቢጠይቁ የሚነግሩዎት የታቦቱን ነው። ሦስቱን ለየብቻ ይጠይቁ።

አያቶቼ ከቱሉ ጉዶ ደሴት ናቸው። የእኔ የልደት ወረቀት ግን «ዝዋይ» ይላል፣ የልጆቼ «ባቱ»። የቤተሰባችንን አሰፋፈር ከየት ልጀምር? (ከባቱ)

ከስሞቹ። አንዱ ቦታ ሁለት ሦስት ስም ያለው በመሆኑ ብዙ ጸሐፊ አንዱን ደሴት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ሐይቁ ደንበል ይባላል፣ ዝዋይም ይባላል። ከተማዋ ዝዋይ ነበረች፣ ዛሬ ባቱ ናት። ቱሉ ጉዶ ደብረ ጽዮን ነው። በወረቀት ግራ ዓምድ ላይ ዛሬ የሚጠራበትን፣ መካከል ላይ አያቶችዎ በዛይኛ (በደሴቶቹ ሰዎች በዛዮች ቋንቋ) የሚሉትን፣ ቀኝ ላይ በቤተ ክህነት ጽሑፍ ያለውን ስም ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሥራ።

ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ዛዮች የሚናገሩት ሴማዊ ቋንቋ ለስልጤና ለሐረሪ ቅርብ ነው፤ ዙሪያው ያለው ሕዝብ ደግሞ ኦሮሞ ነው። ደሴቶቹ ለዘመናት መጠለያ ነበሩ፤ ትውፊቱ ታቦተ ጽዮን ከዮዲት ሸሽታ ቱሉ ጉዶ ላይ ለ70 ዓመት እንደቆየች ይናገራል። ከደሴት ወደ ዳርቻ በብዛት መውጣት የጀመረው የምኒልክ ጦር አካባቢውን ከያዘ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እንግዲህ እዚህ ጋ ከሌላው አገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥንታዊው ሰፈር ውኃው መካከል፣ አዲሱ ዳርቻው ላይ። ከተማዋ ራሷን ያሳደጋት ደግሞ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ቤተሰብዎን ሲጠይቁ «መቼ መጣችሁ?» አይበሉ፤ ሰው በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ለእርሻ ዳርቻ ላይ መዋል፣ ቀጥሎ ጎጆ መቀለስ፣ ከዚያ ከብት ማሳደር፣ በመጨረሻ ሙታንን ዳርቻው ላይ መቅበር። አራቱን ለየብቻ ይጠይቁ። ቤተሰቡ የጠቀለለው መቃብሩን ያዛወረ ጊዜ ነው።

አዛውንቶቹ ዓመት አያውቁም። «ድሮ ነው» ይሉኛል። ያወቁትም ሁሉም ሰማንያ ወይም መቶ ዓመታቸው ነው። ምን ላድርግ? (ከደቡብ ጎንደር)

ዓመት አይጠይቁ። ክስተት ይጠይቁ። ለመሰላል የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ ከ1880 እስከ 1884 ክፉ ቀን፤ ኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ፤ ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን፤ የ1950/51 ወባ፤ 1966 አብዮት፤ 1967 የመሬት አዋጅ፤ 1977 ድርቅና ሰፈራ፤ ከ1978 ወዲህ መንደር ምሥረታ፤ ግንቦት 1983። ከዚህ ላይ የከተማዎን ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ወፍጮ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ስልክ፣ አውቶቡስ።

ቀጥሎ ሰውየው በዚያ ጊዜ ምን ያህል እንደነበሩ በአካል ይለኩ። «ጣሊያን ሲወጣ የወተት ጥርስዎ ወልቆ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ እና «እየወለቀ ነበር» ቢሉ፣ ያኔ 6 ወይም 7 ዓመታቸው ነው፤ የተወለዱት 1926 ወይም 1927 ላይ ነው። «ከብት ታግድ ነበር ወይስ ታርስ?» የሚለውም ይሠራል። ሴቶችን ሲጠይቁ ወሊድንና ወፍጮን ያጣምሩ፤ «የመጀመሪያ ልጅዎን ሲወልዱ በእጅ ነበር የሚፈጩት?» ወፍጮ ቤት የተከፈተበትን ዓመት ከባለወፍጮው ይልቅ መጁን ያስቀመጠችው ሴት ታስታውሳለች።

አንድ ሰው ብቻ አይበቃም። ቢያንስ ሦስት፣ ለየብቻቸው፤ አንዱ ከባለርስት ቤተሰብ፣ አንዱ ከጠላ ወይም ከጠጅ ሻጭ፣ አንዱ ከታንኳ ቀዛፊ ወይም ከዓሣ አጥማጅ ወገን። አንድ ላይ ከተቀመጡ ትልቁ ይናገራሉ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ከ45 ደቂቃ በላይ አያድክሟቸው፤ በሁለተኛው ጉብኝት ያስታወሱትን ይዘው ይጠብቅዎታል።

የዘር ቆጠራን በጥንቃቄ ይያዙ። ትውልዱን ከ25 እስከ 30 ዓመት አድርገው ቢቆጥሩ ሰባት ቤት ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሰጥዎታል። ግን በርስት አገር የዘር ሐረግ የመሬት ማስረጃ ነበር። ከአቅኚው አባት ጋር ያልተገናኘ ሰው መሬት አያገኝም፤ ስለዚህ መካከል ላይ ስም ይዘለላል፣ አንዳንዴም ይጨመራል። የሁለት ተከራካሪ ቤተሰብ ሐረግ ያለ ልዩነት ከተገጣጠመ እውነት ሳይሆን ዕርቅ ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ከፈለጉ ለትንሽ ከተማ ጥሩው መነሻ ከሐምሌ 1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ (ቁጥር 47/1967) በኋላ የተከፈተው የቀበሌ ቤቶች መዝገብ ነው። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ ስለተሰጡ የቀድሞው ባለቤት ስም እዚያው ሊገኝ ይችላል። ዓመት ሲያዛውሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ደምረው ወደ እ.ኤ.አ. ያምጡት። ወሩ ካልታወቀ፣ ለምሳሌ 1951ን፣ እ.ኤ.አ. 1958/59 ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። በከተማ ታሪኮች ውስጥ የሚገኘው የአንድ ዓመት ልዩነት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ነፃ የሳተላይት ምስል አውርጄ የጣና ዳርቻችን በ40 ዓመት ውስጥ 600 ሜትር እንደሸሸ አገኘሁ። ላሳትመው? (የጂኦግራፊ ተማሪ)

ገና። መጀመሪያ የሁለቱን ምስል ወር ይዩ። አንዱ የጥቅምት ሌላው የግንቦት ከሆነ የለኩት ታሪክን ሳይሆን ወቅትን ነው። ሁለቱንም ከጥር ወይም ከየካቲት ይውሰዱ፤ ሰማዩም ያኔ ጥርት ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ሁሉ የብስ አይደለም። ደንገል አለ። ከ2004 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ ከላይ ሲታይ ለምለም መስክ ይመስላል፣ ከሥሩ ውኃ ነው።

ሦስተኛ፣ ከ1988 ግድም ጀምሮ በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ፤ ከ2002 ወዲህ ደግሞ ውኃው ወደ ጣና በለስ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ከፍታና ዝቅታ የዝናብ ብቻ አይደለም። በሰኔ 1995 ሐይቁ እጅግ ዝቅ ብሎ መርከብ ተቸግሯል፣ የታየው የሐይቅ ወለልም ታርሷል። ምስልዎ የዚያ ዓመት ከሆነ ልዩ ዓመት ላይ ወድቀዋል።

ቤት ለመቁጠርም አይሞክሩ። የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ጥራቱ 30 ሜትር የሆነው ግን ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። አንዷ ነጥብ 900 ካሬ ሜትር ስለሆነች 50 ካሬ ሜትር ጎጆ ውስጧ ይጠፋል። ለቤት ቆጠራ የድሮ የአየር ፎቶ ያስፈልግዎታል፤ የካርታ ሥራውን ከሚይዘው የመንግሥት ተቋም በደብዳቤ ይጠይቁ፣ የቦታውን መጋጠሚያ ቁጥር ይዘው ቢሄዱ ፍለጋው ያጥራል።

በ1976 የከተማችን ሕዝብ ቁጥር የለም፣ በ1987 በሺዎች ይገኛል። ከየት መጣ?

ምናልባት ከየትም። የሕዝብ ቆጠራው የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው። «ከተማ» የሚባለው በመሠረቱ 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ቦታ ነው፤ የወረዳ ዋና ከተማ ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢያንስም ይቆጠራል። ቦታው በመካከሉ ወረዳ ሆኖ ከሆነ ሰዎቹ የነበሩት ያው ነው፣ የተቀየረው ዓምዱ ነው። የ1976ቱን ከገጠሩ ሰንጠረዥ ይፈልጉት። ከ1999 በኋላ የሚያገኙት ቁጥር ትንበያ ስለሆነ ከቆጠራ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አያያይዙት።

ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር። ከተማችንን «የሐይቅ ዳር» እያልን እንጻፍ?

ይጻፉ፤ ዳሩ የት እንደነበረ ግን ያሳዩ። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደርቆ፣ ለሐረር ይሰጥ የነበረው ውኃም ቆሞ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ በከፊል ተመልሷል። ለመስኖ መሳቡና ደለሉ ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። የተመለሰው ውኃ የድሮውን ጠርዝ እየሸፈነው ነውና ዛሬውኑ ሥራ ይጀምሩ። ሐይቁ ሙሉ ሳለ ከብት ያጠጡ፣ ጀልባ ያሰሩ፣ ልብስ ያጠቡ ሰዎችን ይዘው በየቆሙበት ጂፒኤስ ይውሰዱ። ነጥቦቹን ቢያንስ በ50 ሜትር ልዩነት ያድርጓቸው፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የተናገረውን ሰው ዕድሜና የሚያስታውሰውን ዓመት ይጻፉ። ጥቁር፣ ደቃቅና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ደለል ያለበት መሬት ከነጥቦቹ መስመር ጋር ከገጠመ ጠርዙን አግኝተዋል። ካልገጠመ አዛውንቱ የሚያስታውሱት የሌላ ዓመት ሐይቅ ሊሆን ስለሚችል ሁለት መስመር ይሥሩ።